የቅዳሜው ሃያ ደቂቃ

ከቴፒ አዲስ አበባ በአየር አራት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ርቀት በመኪና የሚጓዝ ሰው በበጋ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ይፈጅበት ነበር፤ በክረምት ግን ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስቀድሞ የሚናገር ሾፌር አላጋጠመኝም። በዚያን ጊዜ ታገለግለን በነበረችው ባለ ሁለት ሞተር አሮጌ አውሮፕላን ጉዞው አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ነበር። ቁጥሩ በታይፕ ተጽፎ ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ነፋስ ከፊት ሲመጣ እስከ አምስት ደቂቃ ይጨመርበታል፤ ከኋላ ሲገፋ የዚያኑ ያህል ይቀነስለታል። ከዚያ ያለፈ ልዩነት ሁሉ ምክንያት ሊኖረው ይገባል ብዬ አምን ነበር። እምነቴ ዛሬም አልተለወጠም።

ቴፒ የተመደብሁት በደርግ ዘመን ነው። የማረፊያ ሜዳው ኃላፊ ነበርሁ። ኃላፊ ልባል እንጂ በሥሬ የነበሩት አንድ የሬዲዮ መገናኛ፣ አንድ ጄኔሬተር፣ የነፋስን አቅጣጫ የሚያሳይ አንድ የተቀደደ ከረጢትና አንድ የሜዳ ጠባቂ ብቻ ነበሩ። ጠባቂው በዕድሜ ብዙ የሚበልጠኝ፣ የሸኮ ተወላጅ፣ አማርኛን በገበያ የተማረ ሰው ነበር። እኔ አባት እለዋለሁ፤ እሱ ኃላፊ ይለኛል። ሁለት ባንዲራ ሰጥቼው ነበር፣ አንድ አረንጓዴና አንድ ቀይ። ሥራው ከሜዳው ታችኛ ጫፍ ቆሞ ሰውና ከብት እንዳይገባ መከላከል ነበር።

የሜዳው አቀማመጥ ለነገሩ ስለሚያስፈልግ በሚገባ ልግለጸው። ሜዳው ሣር ነው። በእኔ ቢሮ በኩል ደልዳላ ሆኖ ይጀምርና መካከሉ ላይ እንደ በሬ ሻኛ ጉብ ይላል፤ ከጉብታው ማዶ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይዘቀዝቃል። ከቢሮዬ ደጃፍ የቆመ ሰው ከጉብታው ወዲያ ያለውን አያይም። አውሮፕላኗ የምትጫነው ከቢሮዬ ፊት ነው። ከተጫነች በኋላ ቀስ ብላ ትሄድና ጉብታውን ተሻግራ ትቆማለች፤ እዚያ ሞተሮቿን እስከ መጨረሻው አስጩኻ ትፈትሻለች፤ ከዚያም ቁልቁለቱን ተንደርድራ በሸለቆው በኩል ትነሣለች። እኔ ያን ጩኸት እንደ ሰማሁ ሰዓቴን አይቼ በመዝገቡ የመነሻ ሰዓት እጽፋለሁ። ወዲያው ቢሮ ገብቼ ጄኔሬተሩን አስነሥቼ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዲስ አበባን መጥራት እጀምራለሁ። አንዳንድ ቀን በአሥር ደቂቃ ይመልሳሉ፤ አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ስጮህ እውላለሁ። ከማዳመጫው ስወጣ ሜዳው ባዶ ነው።

ሰዓቴን በየማለዳው ከሬዲዮው የሰዓት ድምፅ ጋር አስተካክል ነበር። የእኔ የመነሻ መልእክት ከሌሎቹ ጣቢያዎች ሁሉ ቀድሞ እንደሚደርስ አዲስ አበባ ያሉት ባልደረቦች ራሳቸው ይመሰክሩልኝ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ በመዝገቤ ላይ አንድ ስርዝ አልነበረም።

በረራው በሳምንት ሁለት ጊዜ ነበር፣ ማክሰኞና ቅዳሜ። ሲመጣ በሚዛን ተፈሪ በኩል ሰው እያወረደ ይመጣል። ሲመለስ ከቴፒ በቀጥታ አዲስ አበባ ነው፤ የቅዳሜው ደግሞ ሲመለስ ፖስታና የእርሻ ልማቱን የቡና ናሙና እንጂ መንገደኛ አይጭንም። የሁለቱም ቀን አብራሪ አንድ ሰው ነበር። ረዳቱ ይለዋወጣል፤ ካፒቴኑ ግን ያው ነው። ረጅም፣ ጥቂት የሚናገር፣ ከኮቱ ኪስ ነጭ መሐረብ የማይለየው ሰው ነበር።

አንድ ማክሰኞ በፖስታ ከረጢቱ ውስጥ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣልኝ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቴፒ የሚነሣው በረራ አዲስ አበባ የሚደርሰው ከሠንጠረዡ በላይ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አራት ደቂቃ ዘግይቶ ነው፤ የማክሰኞው ግን ከሠንጠረዡ ጋር ይስማማል፤ ምክንያቱ ተጣርቶ ይገለጽ የሚል ነበር።

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ሰዓቴን ነው፤ በሬዲዮው ፈተሽሁት፣ ደኅና ነው። ቀጥሎ አዲስ አበባ የሚመዘግበውን ሰው ጠረጠርሁ፤ ነገር ግን በቅዳሜ ብቻ የሚሳሳት መዝጋቢ የለም። ነፋስም ሊሆን አይችልም፤ ነፋስ ቅዳሜን ከማክሰኞ አይለይም። ሦስቱን ስሰርዝ የቀረው አብራሪው ነበር።

ሰውን መጠርጠር ከተጀመረ በኋላ ምን ያህል ማስረጃ በእጅ እንደሚገኝ ያስገርማል። ካፒቴኑ ቅዳሜ ሲመጣ ሁልጊዜ ይጠይቀኝ የነበረ ነገር ትዝ አለኝ። “ሰዓት አክባሪው፣ ገበያው ዛሬ እንዴት ነው?” ይል ነበር። ማክሰኞ ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ አብራሪ ስለ ቴፒ ገበያ ምን አገባው? ደግሞ ለሜዳ ጠባቂው አልፎ አልፎ ሳሙና ያመጣለት ነበር፤ ለእኔ ግን ምንም አምጥቶ አያውቅም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በደብዳቤው ግርጌ በእጅ የተጨመረው መስመር ነበር፦ ካፒቴኑ አዲስ አበባ ሲወርድ በጭነት ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ አናናስና ሙዝ ይዞ ታይቷል። የጭነት ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። አናናስ አልጻፍሁም። ስለዚህ አናናሱ የተጫነው እኔ በሌለሁበት ቦታ ነው ማለት ነው።

ጊዜው እንዲህ ያለውን ሐሳብ የሚያደናቅፍ አልነበረም። የሱዳን ድንበር ሩቅ አይደለም። እገሌ ጠፋ፣ እገሌ ተሻገረ የሚል ወሬ በየሳምንቱ ይሰማ ነበር። ሰዎች በቢሮ ውስጥ የሚያወሩት ስለ ዝናብና ስለ ስኳር ነበር፤ የቀረውን ሁሉም በልቡ ይዞ ይዞራል። ሃያ ደቂቃ አንድ ሜዳ ላይ አርፎ ሰው አሳፍሮ ለመነሣት ትበቃለች ብዬ አሰብሁ።

ለደብዳቤው የሰጠሁት መልስ ዛሬም ቃል በቃል ይታወሰኛል። “የመነሻ ሰዓቶቹ ትክክል መሆናቸውን አረጋግጣለሁ። የመዘግየቱ ምክንያት ከዚህ ጣቢያ የተነሣ አይደለም።” ፈረምሁ፤ ማኅተም አደረግሁበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በአንድ ሐሙስ ከሚዛን ተፈሪ በኩል ጭቃ የለበሰ ላንድሮቨር መጣና ከቢሮዬ ፊት ቆመ። የወረደው ሰው ራሱን መርማሪ ነኝ ብሎ አስተዋወቀኝ። ካኪ ለብሷል፤ ሲናገር ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ ሲያዳምጥ ደግሞ የሚያየው የሰውየውን እጅ እንጂ ፊቱን አይደለም። መዝገቦቼን ሁሉ አስወጣኝና አንድ በአንድ ገለጠ።

“ጓድ፣ እዚህ ላይ ስርዝ የለም” አለኝ።

“የለም፣ ጓድ።”

“በሦስት ዓመት?”

“በሦስት ዓመት።”

“አንድም ቀን አልተሳሳትህም?”

“ስሕተት ቢኖር እጽፈው ነበር።”

ፈገግ አለ። “እንግዲያው አንተ ጥሩ ምስክር ነህ። ካፒቴኑን ጠይቀነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጉብታው ማዶ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ ነው የምነሣው ይላል። ረዳቶቹም ያንኑ ይላሉ፤ እሱ ያላቸውን ነው የሚሉት። አንተ ደግሞ አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ተነሥቷል ትላለህ።”

“አልልም፤ ጽፌአለሁ።”

“ለዚህ ነው የመጣሁት” አለና ከቦርሳው ካርታ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ከኮቱ ጠርዝ አንድ ክር መዘዘና ከቴፒ እስከ አዲስ አበባ ይለካ ጀመር። ሥራው አላስደሰተኝም።

“ክር ይሳባል፣ ጓድ። በማስመሪያ ይሁን” አልሁ። ማስመሪያዬን አመጣሁ። የካርታውን መለኪያ አነበብሁለት። አውሮፕላኗ በሰዓት የምትሄደውን ርቀት ለስድሳ አካፍዬ በሃያ አባዛሁት፤ ወደ ዘጠና ኪሎ ሜትር መጣ። መሄጃና መመለሻ ስለሆነ ለሁለት ከፈልሁት። ከዚያም ሳይጠይቀኝ ኮምፓሴን አንሥቼ ቴፒን መካከል አድርጌ ክብ አሰመርሁለት። የጌጫ ከተማ ክቡ ውስጥ ገባች፤ የቱም ከተማ ከውጭ ቀረች።

“ጌጫ” አለ መርማሪው በጣቱ እየነካ። “እዚያ ደልዳላ የግጦሽ መሬት አይጠፋም።”

“አይጠፋም” አልሁት።

ስለ ክቡ ትክክለኛነት እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላሰብሁም ነበር። በኋላ ላይ የጌጫ ሰዎች ስለ አውሮፕላን ተጠይቀው ግራ እንደተጋቡ ስሰማ ነው ያች ክብ በማን እንደተሠመረች ትዝ ያለኝ።

መርማሪው ቀጥሎ ጠባቂውን አስጠራ። ሽማግሌው መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ቀይ ባንዲራው በብብቱ ነው።

“አውሮፕላኑ ታች ይቆማል ወይ?” አለው መርማሪው።

“እኔ ሜዳ ነው የምጠብቀው” አለ ሽማግሌው። “አውሮፕላን አልጠብቅም።”

“ያልሁህን መልስ። ይቆማል አይቆምም?”

“አውሮፕላን ከቆመ ምኑን አውሮፕላን ሆነ? ይሄዳል።”

“ሳሙና ማን ይሰጥሃል?”

ሽማግሌው ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ወደ እግሩ። “ሳሙና ጥሩ ነገር ነው” አለ። መርማሪው ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። እኔም አብሬው ጠረጠርሁ። ሦስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ዓይኔን ማየት ሲሸሽ ያን ዕለት አየሁት።

መርማሪው ከመሄዱ በፊት ዕቅዱን ነገረኝ። ቅዳሜ እኔ እንደ ወትሮው የመነሻውን ሰዓት ጽፌ በሬዲዮ አስተላልፋለሁ። አዲስ አበባ ሰዎች ይጠብቃሉ። በረራው በሠንጠረዡ ሰዓት ካረፈ ካፒቴኑ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሃያ ደቂቃ ከዘገየ ከሜዳው በቀጥታ ይወስዱታል።

“ወዴት?” አልሁት።

“አንተ የመነሻውን ሰዓት ጻፍ” አለኝ።

በዚያ ዘመን እንዲያ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚገልጽ ሠንጠረዥ አልነበረም።

ቅዳሜ ሰማዩ ንጹሕ ነበር። አውሮፕላኗ በሰዓቷ አረፈች። መርማሪው ከቢሮዬ በረንዳ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። ካፒቴኑ ወርዶ የጭነቱን ዝርዝር ሲፈርምልኝ እንደ ለመደው ጠየቀኝ።

“ሰዓት አክባሪው፣ ገበያው ዛሬ እንዴት ነው?”

“ለምን ይጠይቃሉ?” አልሁት። ከዚያ በፊት እንዲህ መልሼለት አላውቅም ነበር።

ፊቴን አየ፤ ቀጥሎ በረንዳው ላይ ወዳለው ጋዜጣ ተመለከተ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ከጉብታው ማዶ ስቆም እርስዎ አያዩኝም?” አለኝ።

“ካፒቴን፣ እኔ የማውቀው መዝገቤ ላይ ያለውን ነው።”

“እንግዲያው መዝገብዎን ይዘው አንድ ቀን ጉብታው ድረስ ይምጡ” አለና መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠራርጎ ወጣ።

ይህን ያለው ሊያታልለኝ ነው ብዬ አሰብሁ። ጉብታው ላይ ወጥቼ እንዳይ የሚጋብዘኝ ሰው የማላየው ነገር እንዳዘጋጀ ተሰማኝ። እንዲያውም አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዛሬ ሬዲዮውን ትንሽ አዘግይቼ ጉብታው ላይ ብወጣ፣ አውሮፕላኗ ከተነሣች በኋላ ወዴት እንደምትታጠፍ በዓይኔ አያለሁ። ወደ ጌጫ አቅጣጫ ከታጠፈች መዝገቤ ላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት ከቢሮዬ የወጣሁት ሰውየውን ለማዳን አልነበረም። ልይዘው ነበር።

አውሮፕላኗ ጉብታውን ተሻገረች። ሞተሮቿ ጮኹ። ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ሰዓት ከአሥር። ጻፍሁ። መርማሪው ከጋዜጣው በላይ አየኝና ራሱን ነቅንቆ ወደ ሬዲዮው ክፍል አመለከተኝ። “አንድ ጊዜ” ብዬው መዝገቤን በብብቴ ይዤ በሣሩ ላይ በፍጥነት ተራመድሁ።

ጉብታው ላይ ስደርስ አውሮፕላኗ ከፊቴ ቆማለች።

የግራ ሞተሯ ጠፍቷል፤ የቀኙ በዝግታ ይዞራል። ከእሷ ቁልቁል፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጠው ቀጭን መንገድ ላይ ሰው ይጎርፋል። ጎደሬ በቅርጫት የተሸከሙ፣ ማር በቅል ያዘሉ፣ ኮረሪማ በገመድ የሰኩ፣ ፍየል የሚጎትቱ ሴቶችና ወንዶች፣ ከደኑ ወጥተው ወደ ገበያው ይሻገራሉ። በመካከላቸው ሽማግሌው ቆሟል። ቀይ ባንዲራውን ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ነገር ግን ፊቱን ያዞረው ወደ ሰዎቹ አይደለም። ወደ አውሮፕላኗ ነው።

እየሮጥሁ ወረድሁ። አንዲት ጎደሬ የተሸከመች ሴት አይታኝ ሳቀች።

“ኃላፊ! ዛሬ ምን እግር ጣለህ?”

ከኋላዋ ያለችው ቀበል አድርጋ፣ “ባዶ እጁን ነው የመጣው፤ ዘወር ይበል!” አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳላስበው ከመንገዱ ወጣ ብዬ አሳለፍኋቸው።

“አባት፣ ምን እያደረግህ ነው?” አልሁት ሽማግሌውን። “ባንዲራው የተሰጠህ ሰው እንድታስቆምበት ነው!”

“ሸክም የያዘን ሰው እንዴት አስቆማለሁ?” አለ። ጥያቄዬ እንዳስከፋው ፊቱ ላይ ታየኝ። “ሸክም የያዘ መንገድ ይቀድማል፤ ባዶውን የሚሄድ ዘወር ይልለታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። እነዚህ ሰዎች ከማለዳ ጀምሮ ተሸክመው ነው የመጡት። አውራጅ የለ፣ አስቀምጠው ማን ያሸክማቸው?”

“አውሮፕላኑም እኮ ጭነት አለው!”

ወደ አውሮፕላኗ ዞሮ አያት። “እሱን ጀርባውን አያመውም” አለኝ።

“ለመርማሪው ለምን አልነገርኸውም?”

“እሱ ሰው ለማሰር ነው የመጣው። ሰው አሻግራለሁ ካልሁት እኔን ያስራል፤ ወይ እነሱን ሜዳ ረገጡ ይላል።” “አንተም አብረኸው ተቀምጠህ ነበር” ብሎ ጨመረ።

ካፒቴኑ በግራው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ያየናል። አንዲት አሮጊት አናናስ ለሽማግሌው ሰጠችው፤ ሽማግሌውም በባላ እንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ ወደ መስኮቱ አቀበለው። ስላሳለፋቸው ምስጋና ነበር፤ ሳሙናው ደግሞ የምስጋናው መልስ። ካፒቴኑ አናናሱን ተቀብሎ ወደ እኔ አየና በእጁ ሰዓቱን መታ መታ አደረገው። እኔም የራሴን አየሁ።

የመጨረሻዋ ፍየል ስትሻገር ሽማግሌው ቀዩን አውርዶ አረንጓዴውን አነሣ። የግራው ሞተር ተነሣ፤ አውሮፕላኗ ተንደርድራ ሸለቆው ላይ ከመሬት ስትላቀቅ አምስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ነበር። ወደ ጌጫ አልታጠፈችም። ቀጥ ብላ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ሄደች።

ጉብታውን መልሼ ወጣሁ። በመዝገቤ ላይ ያሉት ቅዳሜዎች ሁሉ አንድ በአንድ ታወሱኝ። እኔ የጻፍሁት የሞተር ጩኸት የተሰማበትን ሰዓት ነው፤ ከላዩ ግን “የመነሻ ሰዓት” የሚል አለበት። ጮኸች እንጂ አልተነሣችም። ማክሰኞ ገበያ ስለሌለ ሁለቱ ሰዓቶች ይገጥማሉ። ቅዳሜ አይገጥሙም። መልእክቴ ቀድሞ እንዲደርስ ስል፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ አንዲት እርምጃ ወጣ ብሎ ማየትን ሦስት ዓመት ሙሉ ትቼአለሁ።

መርማሪው በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። “መልእክቱስ?”

ያየሁትን ነገርሁት። እስክጨርስ እጄን አየ።

“የሦስት ዓመት ቅዳሜ ሁሉ ሐሰት ነው ብለህ ልትጽፍ ነው?”

“ሐሰት አይደለም፤ ስሕተት ነው።”

“ለእኔ ልዩነት የለውም።”

“ለእኔ አለው፣ ጓድ።”

“ባለፈው ሐሙስ አንድም ቀን አልተሳሳትሁም ብለኸኝ ነበር። ዛሬ ካፒቴኑ ጆሮህ ላይ ጥቂት ቃል ጣል አደረገ፤ አየሁ። ከዚያ ወደ ጉብታው ሄድህ፤ ስትመለስ መዝገብህ ሁሉ ስሕተት ሆነ። አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ትላለህ?”

“እጠረጥራለሁ” አልሁት።

“እኔም እሱን ነው የማደርገው” አለ። “መላክ ከፈለግህ በራስህ ፊርማ ላክ። የኔ ስም እንዳይገባበት።”

ጊዜውን አሰላሁ። ከአምስት ሠላሳ ሁለት ተነሥታ በሠንጠረዡ መሠረት ሰባት ሰዓት ከሰባት ላይ ታርፋለች። ግድግዳዬ ላይ የተለጠፈው ቁጥር፣ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት፣ ያን ዕለት የእኔ ጊዜ ሆነ። ሌላ ቀን ስለ ርቀት የሚናገር ቁጥር ነበር፤ ያን ዕለት ግን እያለቀ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። ጄኔሬተሩን አስነሥቼ መጥራት ጀመርሁ። የሚሰማኝ ጩኸትና መንጣጣት ነው። ሌሎች ጣቢያዎች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ስድስት ሰዓት አለፈ። ስድስት ተኩል አለፈ። መርማሪው በሩን ተደግፎ ይመለከተኛል። ጉሮሮዬ ሲደርቅ ውኃ አቀበለኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ አዲስ አበባ መለሰ።

አነበብሁለት። የዛሬው በረራ ከመሬት የተነሣው አምስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ነው። ከዚህ ጣቢያ ቀደም ብሎ የተላለፉት የቅዳሜ መነሻ ሰዓቶች የሞተር መፈተሻ ሰዓቶች እንጂ የመነሻ አይደሉም። በረራው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዘገየው የገበያ ሰዎች ሜዳውን እስኪሻገሩ ድረስ ነው።

ባልደረባዬ ድምፄን ያውቃል። “ድገም” አለኝ። ደገምሁ።

“ስሕተቱ የማን ነው ይባል?”

“የቴፒ ጣቢያ ኃላፊ።”

“ያረጋገጠውስ?”

“የቴፒ ጣቢያ ኃላፊ።”

“ወንድሜ፣ ደኅና ነህ?”

“ደኅና ነኝ። የሚጠብቁት ሰዎች መልእክቱን ሳያዩ አውሮፕላኑ እንዳያርፍ። ሮጠህ ስጥልኝ።”

“አንድ ነገር ይጎድላል” አለ። “አውሮፕላኑን ያስቆመው ማን ነው? ይጠይቁኛል።”

ሽማግሌው በዚያ ሰዓት ከበረንዳው ሥር ባንዲራዎቹን እየጠቀለለ ነበር። መርማሪው እርሳሱን ከኪሱ አወጣ።

“የሜዳ ጠባቂው በእኔ ትእዛዝ” አልሁ።

በሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት አገልግሎቴ እያወቅሁ ያስተላለፍሁት ትክክል ያልሆነ ቃል ያ ብቻ ነው። መርማሪው ጻፈው። ያመነው አይመስለኝም፤ ግን ጻፈው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማወቅ ጊዜ ወሰደ። መልእክቱ ደርሶ እንደሆነ፣ ደርሶም ታምኖ እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። ማክሰኞ ሌላ አብራሪ መጣ። ስለ ካፒቴኑ ስጠይቀው፣ “ፈቃድ ላይ ነው” ብሎ ፊቱን አዞረ። ፈቃድ የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ይሸፍን ነበር። ቅዳሜም ያው አዲሱ መጣ፤ ሽማግሌው ቀዩን ሲያነሣበት ከመስኮቱ ተሳደበ፤ ግን ቆመ። እኔ ጉብታው ላይ ነበርሁ። በመዝገቤ ላይ በማስመሪያ አዲስ ዓምድ አስምሬ ነበር፤ አንዱ ሞተር የሚፈተሽበት፣ ሌላው ጎማ ከመሬት የሚለቅበት። ያለፉት ቅዳሜዎች ከሚገኙባቸው ገጾች በእያንዳንዳቸው ግርጌ ላይ በቀይ ቀለም “የመነሻ ሰዓቱ ልክ አይደለም” ብዬ ጽፌ ፈርሜአለሁ። ሦስት ቀን ወሰደብኝ።

ለእኔ የደረሰኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከማኅደሬ ጋር ተያይዟል። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወርሁ። ሽማግሌውን የነካው የለም። ለትእዛዙ የተጠየቅሁት እኔ ነበርሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የአውሮፕላኗ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ነጩን መሐረብ ነው። ካፒቴኑ ከስቶ ነበር። የት እንደቆየ አልጠየቅሁትም። መጀመሪያ እንዲጠረጠር የፈረምሁት እኔ መሆኔን ይወቅ አይወቅ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሱም አንሥቶብኝ አያውቅም። ዝርዝሩን ፈረመልኝ፤ ብዕሬን መለሰልኝ። ከዚያ እንደ ድሮው ጠየቀኝ።

“ሰዓት አክባሪው፣ ገበያው ዛሬ እንዴት ነው?”

ከማለዳ ጀምሮ ጉብታው ላይ ወጥቼ ሰዉን አይቼው ነበር።

“ትልቅ ነው፣ ካፒቴን” አልሁት። “ሃያ አምስት ደቂቃ ይያዙ።”